ስም ያልተጠራበት የጸሎት ርዕስ

ደሳለች በየማለዳው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የወጥ ቤቱን በር ዘግታ፣ ስልኳን ወደ አፏ አስጠግታ የዕለቱን የጸሎት ርዕሶች በድምፅ ትቀዳለች። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላቋረጠችም። ቀረጻው ሸጎሌ ያለችው ቤተ ክርስቲያናቸው ቴሌግራም ላይ ወዳላት የእህቶች ግሩፕ ይገባል፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሴቶች ይሰሙታል። ደንቧ አንድ ነው፤ ስም አትጠራም። "አንዲት እህት ኩላሊቷን ታማለች" ትላለች። "የአንዲት እህት ባል ወደ መጠጥ ተመልሷል" ትላለች። እህትየዋ ማን እንደሆነች ግን ቁርስ ሳይበላ ሁሉም ያውቀዋል። ደሳለችም ይህን ታውቃለች። ክፋቱ አልታያትም ነበር፤ የሰማ ሰው የታመመውን ይጠይቃል፣ ሆስፒታል አብሮ ያድራል።

ከሆሳዕና ወደ አዲስ አበባ የመጣችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አሁን አርባ ስድስት ሞልቷታል፤ ዊንጌት አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። የቤተ ክርስቲያኑን የወጣት መዘምራን ኳየር ሃያ አራት ጋውኖችም የሰፋችው እሷ ናት። ባሏ ኡርጌሳ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለሆነ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ሴቶች ነው፤ የእሷና በኳየሩ የምትዘምረው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጇ የሄራን።

አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁለት ተማሪዎች ጉርድ ቀሚስ ሊያሳጥሩ ሱቁ ገቡ። ሲጠብቁ አንደኛዋ ስልኳን ከፈተች። ከስልኩ "ባኣኣ!" የሚል የበግ ድምፅ ወጣ፤ ሁለቱም በሳቅ ተንፈራፈሩ።

"ምንድን ነው እሱ?" አለች ደሳለች፣ ማሽኑን ሳታቆም።

"የሸጎሌዋ በግ ናት፣ እትዬ! አላዩዋትም እንዴ? በቃ ያላያት የለም እኮ።"

ልጅቷ ስልኩን አዞረችላት። መድረክ ላይ ያለች ዘማሪ ዓይኗን ጨፍና ወደ ከፍተኛው ድምፅ ትወጣለች፤ አፏ ሲከፈት የሚሰማው ግን በግ ነው። ደሳለች መጀመሪያ ያወቀችው ፊቱን ሳይሆን ኮሌታውን ነው። በስተግራ በኩል ወርቃማው ክር አልቆባት በተራ ቢጫ ክር የጨረሰችው አንድ ጋውን ብቻ ነበር፤ የሄራን።

"ነገ ኑና ውሰዱት" አለቻቸው።

ሄራን ሁለት ሐሙስ ልምምድ ቀርታ ነበር። ጉሮሮዬን ይዞኛል ስላለች እናቷ ዝንጅብል በማር ስታፈላላት ሰነበተች።

"ማን ነው ቪዲዮውን የሠራው?" አለቻት ደሳለች ማታ።

"ኖህ።"

ኖህ የኳየሩ ኪቦርድ ተጫዋች ነው፤ የእህቶችን ጸሎት የምትመራው የኢየሩ ልጅ።

"እንዴ፣ ኖህ? እዚህ ቤት ሽሮ በልቶ የሄደው ኖህ?"

"ቀልድ ነው አለኝ። 'አታካብጂ፣ ታዋቂ አደረግኩሽ' አለኝ። ክፍል ስገባ ሁሉም ባኣ ይላሉ፣ እማ። መምህር ስም ሲጠራ አቤት ማለት ትቻለሁ፤ እጄን ነው የማወጣው።"

"እናቱ ጋ እሄዳለሁ። አሁኑኑ።"

"እማ፣ በእግዚአብሔር! ለማንም እንዳትናገሪ። ከተናገርሽ ይብሳል። ቃል ግቢልኝ።"

ደሳለች ቃል ገባች፤ ሦስት ቀንም ጠበቀች። ሐሙስ ማታ ሄራን ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤት እንደማትሄድ ነገረቻት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አራት ወር ቀርቶታል። "እቤት አጠናለሁ፣ በቃ" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ደሳለች በዕድሜዋ የከበዳትን ነገር ሁሉ ለብቻዋ ተሸክማ አታውቅም፤ ሁልጊዜም ሌሎች አብረዋት ይጸልዩ ነበር። ዓርብ ማለዳ የወጥ ቤቱን በር ስትዘጋ ቃሏን እያፈረሰች አልመሰላትም። ስም አልጠራም አለች በልቧ። "አንዲት እህት አለች" ብላ ጀመረች፤ "ልጇ ለጌታ በመዘመሯ መሳቂያ ሆናለች። ቪዲዮ ሠርተው... የበግ ድምፅ..." አርባ ሰከንድ ያህል አለቀሰች፤ ከዚያ እንዳለ ላከችው።

የጸሎት እጆች ምልክት ስልኩን ሞላው። ከሩብ ሰዓት በኋላ አንዷ "እህቶች፣ የትኛው ቪዲዮ ነው? አውቀን እንድንጸልይ" ብላ ጻፈች። ሌላዋ ፈልጋ አገኘችውና "ይኸው፤ ጌታ ይገሥጻቸው" ብላ ለጠፈችው። እናቶች ለልጆቻቸው እያሳዩ "አንተ ነህ የሠራኸው? አንቺ ነሽ?" ብለው ጠየቁ። ያላዩ ልጆች በዚያ ቀን አዩት። አራት ሺህ የነበረው የተመልካች ቁጥር ማታ ላይ ዘጠኝ ሺህ አለፈ።

ቅዳሜ ሁለተኛ ቪዲዮ ወጣ። ማን እንደሠራው አልታወቀም። ሄራን ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ከፈተችው። ምስሉ ያው ነው፤ ከበጉ ድምፅ ሥር ግን አንዲት ሴት ታለቅሳለች። ከላይ "የበጓ እናት" ተብሎ ተጽፏል።

"ተናገርሽ" አለች ሄራን።

"ስም አልጠራሁም፣ የኔ ልጅ።"

"መች ስም ጠርተሽ ታውቂያለሽ? የማን ባል እንደሚጠጣ፣ የማን ልጅ እንዳረገዘች ከአሥራ አንድ ዓመቴ ጀምሮ አውቃለሁ። አንድም ስም ሳትጠሪ።"

"ምን ላድርግ?" አለች ደሳለች። ይህን ጥያቄ ልጇን ጠይቃት አታውቅም።

ሄራን ቪዲዮውን ዘጋችው። "መጀመሪያ ድምፅሽን አጥፊው። እኔ ሁሉንም ስክሪንሾት አድርጌዋለሁ፤ ማን ምን እንዳለ፣ ቀኑ ሳይቀር አለ። ለማን እንደምናሳይ አብረን እንወስን። ሳትጠይቂኝ የትም አትሂጂ።"

ደሳለች ግሩፑን ከፍታ ቀረጻዋን ከሁሉም ስልክ አጠፋችው። የተረፈ እንዳለ ለማየት ወደ ላይ ስትገፋው ከሦስት ሳምንት በፊት ራሷ ያጋራችው ቪዲዮ ወጣ። ቦርሳ ያዘለች ተማሪ ከሚኒባስ ስትወርድ ጭቃ ላይ ትወድቃለች። ከሥሩ ደሳለች ስድስት የሳቅ ፊቶች ደርድራለች። የልጅቷን ዩኒፎርም ታውቀዋለች፤ ሰፍታዋለች። የማን ልጅ ናት ብላ ግን አልጠየቀችም ነበር። እሱንም አጠፋችው። ለሄራን አላሳየቻትም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ሄራን እሺ ስላለች፣ እናትና ልጅ ኢየሩ ቤት ሄዱ። ኢየሩ ስክሪንሾቶቹን አንድ በአንድ አየችና በረጅሙ ተነፈሰች።

"ልጆች ናቸው፣ እህት ደሳለች። ሰይጣን ነው። እንጸልይበት።"

"ጸሎቱ ይቆይ፣ እህት ኢየሩ። እኛ ፊት ያጥፋው።"

ኖህ ተጠርቶ መጣና ጫማውን እያየ አጠፋው። "ሰው ሁሉ ሲስቅ..." ብሎ ጀመረና ተወው። "ሁለተኛውን እኔ አይደለሁም። ማርያምን— ማለቴ፣ በጌታ ስም።" ሄራን አመነችው። ሁለተኛው ቪዲዮ ግን ዛሬም አለ፤ ሪፖርት ቢደረግም አልወረደም።

ሰኞ ማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን የወጥ ቤቱ በር ክፍት ነበር። ደሳለች አልቀዳችም። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አርባ ያህል ሴቶች "እህት ደሳለች፣ ምነው ጠፋሽ?" ብለው ጽፈው ነበር። እሷ መንገድ ላይ ናት። አልሄድም ብላ የነበረችው ሄራን ሐሳቧን ቀይራ፣ ከዊንጌት አለፍ ብሎ ወዳለው ትምህርት ቤቷ ከፊት ትሄዳለች፤ እናቷም ልጇ በጠየቀቻት መሠረት አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ ትከተላለች። በሩ ጋ ሁለት ልጆች ባኣ አሉ። ደሳለች ቆመች። ሄራን ዞር ሳትል ገባች።

ወደ ኳየሩ አልመለስም ብላለች። ጋውኑ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ሐሙስ ደሳለች በሌላ ልጅ ልክ ታጠብበዋለች።