ከድልድዩ ወዲህ ያለ አድራሻ

የገዛ ዘይቴን የሰው ስም ተለጥፎበት ያገኘሁት ጎንደር፣ አንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ነው። ቀምሼ ማረጋገጥ አላስፈለገኝም፤ መተማ ላይ በራሴ መጭመቂያ የማወጣውን የሰሊጥ ዘይት ቀለሙን ካየሁ ይበቃኛል። ጠርሙሱ ላይ ግን የደላላዬ ስም፣ የእሳቸው ስልክ፣ የእሳቸው ኢሜይል። ባለሱቁ ደግሞ ይባስ ብሎ አዲስ አበባ ያለ አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ይህንኑ ዘይት አጥብቆ እንደሚፈልግ አጫወተኝ፤ የሚዋዋለው ግን ድረ ገጽና በድርጅቱ ስም ኢሜይል ካለው ጋር ብቻ ነው አለኝ። ደሜ ፈላ።

እኛ አገር ሻጭና ገዢ አይተያዩም። መሃል ላይ ደላላ ይቆማል፤ ገዢውን ከሻጭ፣ ሻጩን ከገዢ ይሰውራል። ከብቱም ሰሊጡም እንዲሁ ነው ሲሸጥ የኖረው። የእኔ ደላላ የአባቴንም ሰሊጥ ያሻሻጡ ሽማግሌ ናቸውና በአክብሮት ጠየቅኳቸው። ዓይናቸውን እንኳ አላሹም።

«አንቺ መጭመቅሽን እወቂ። ገበያው የኔ ነው» አሉኝ።

ቀጥለው ደግሞ እንደ ውለታ፣ ለራሳቸው ካሠሩት ድረ ገጽ ላይ አንዷን ገጽ ልስጥሽ አሉኝ። የሚጽፍልኝ ሰው ካለ ደብዳቤው ወደ እሳቸው ይገባል፣ እሳቸው በስልክ ይነግሩኛል። ሥጋሽን ለጅብ አደራ ስጪ ማለታቸው እኮ ነው! እምቢ አልኩ።

ከዚያ በቀጥታ የሄድኩት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ወደሚያስተምረው የወሎ ሰው ነው። ለካ ለድረ ገጽ ስም ብቻ ሳይሆን የሚቀመጥበትም ቦታ መከራየት ያስፈልጋል፤ ሆስቲንግ የሚሉት እሱን ነው። በነፃ የሚሰጥ አለ፣ ነገር ግን የሰጪው ስም ከስሜ ጋር ተለጥፎ ይኖራል። ተለጣፊ ስምማ በቃኝ። አዲስ አበባ የሚያከራዩትን ደግሞ ደላላዬ ያውቋቸዋል። ውጭ አገር ያለ አንድ ድርጅት ቦታውንም፣ በስሜ የሚከፈቱ የኢሜይል ሳጥኖችንም አንድ ላይ ይሰጣል። እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቁልፉ በማን እጅ ይሆናል? መምህሩ «በእርስዎ ብቻ፣ እትዬ» አለኝ። በቃ፣ እሱን መረጥኩ። ክፍያውን ውጭ ያለ ወንድሙ በካርዱ ፈጸመልንና ገንዘቡን እዚህ ለመምህሩ ሰጠሁት።

የተመዘገብን ዕለት የእኛ ኔትወርክ እንደ ልማዱ ሞቶ ነበር። መተማ የሚኖር ሰው ያን ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ የሱዳኑን ሲም አውጥቶ ይከታል። የሱዳኑ ምሰሶ ከድንበሩ ድልድይ ማዶ፣ ገላባት ላይ ቆሞ ሞገዱ እስከ መጭመቂያ ቤቴ ይደርሳል። እኛም ሳናስብ ያንኑ አደረግን። በማግስቱ መዝገቤ፣ አካውንት የሚሉት፣ ተዘጋ። የተመዘገባችሁት ከሱዳን ነው፣ ሱዳን ደግሞ ማዕቀብ አለባት፣ አናስተናግድም ይላል ድርጅቱ የላከው መልእክት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ!

ወሬው ገበያውን ዞረ። ደላላዬ በሬን ሲያልፉ «ላም አለኝ በሰማይ» ብለው ሳቁብኝ። ከሱፐርማርኬቱ ጋር መነጋገር መጀመራቸውንም አልደበቁኝም። መምህሩ ተጨንቆ አንድ መላ አመጣ፤ ሌላ መዝገብ ከፍተን አድራሻው ላይ አዲስ አበባ ብለን እንጻፍ፣ ማን መጥቶ ያያል፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው አለኝ። እሱ ለእኔ ብሎ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ተቆጣሁ። የዘይቴን ስም ቀሙኝ ብዬ የጮኽኩ ሰው፣ የምኖርበትን ስም በገዛ እጄ ልፍቅ?

ኔትወርክ ወደማይጠፋበት ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ በሚኒባስ ሄደን አንድ ኢንተርኔት ቤት ተቀመጥን። ለዚያው የውጭ ድርጅት የንግድ ፈቃዴን ከነትርጉሙ አያያዝን። እሱ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ እኔ አስጽፈዋለሁ።

«የምኖረው መተማ ዮሐንስ፣ ኢትዮጵያ ነው። ድልድዩ ከቤቴ ይታያል። የተሻገረው የስልኬ ሞገድ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። መተማ የሚለውን ካልተቀበላችሁ ገንዘቤን መልሱ፤ ሌላ ቦታ አልጽፍም።»

መምህሩ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ለስለስ ላድርገው ብሎ ለመነኝ። ወይ ፍንክች! እንዳለ ሄደ።

መልሱ ቶሎ አልመጣም። ደላላዬ ውሉን ቀድመውኝ ከፈረሙ ዕድሜ ልኬን ለእሳቸው ጠርሙስ መጭመቄ ነው። በመጨረሻ ግን መዝገቤ ተከፈተ። ይቅርታ ጠይቀው፣ አድራሻዬን እንዳለ ትተውልኝ። ያን ቀን ያለ ኀፍረት አለቀስኩ።

መምህሩ ድረ ገጼን እንዳቆመልኝ የመጀመሪያውን ኢሜይል የጻፍኩት ለሱፐርማርኬቱ ነው። ዘይቱን የምጨምቀው እኔ ነኝ፣ ካላመናችሁ መጥታችሁ እዩ አልኳቸው። ለደላላዬም መጭመቂያውን አሳዩን ብለው ጽፈውላቸው ኖሯል። ምኑን ያሳዩ! ሰዎቹ እኔ ዘንድ መጡ፣ መጭመቂያው ሲሠራ ቆመው አዩ፣ ከእኔ ጋር ተፈራረሙ።

ደላላዬ ከዚያ በኋላ መጥተው ደጃፌ ላይ ተቀመጡ። አባትሽን ከገበያ ያገናኘሁ እኔ ነኝ፣ ዛሬ እኔን ትዘልያለሽ ብለው ወቀሱኝ። ውሃ ሰጥቻቸው እስኪጨርሱ ሰማኋቸው።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ እኔን ብሎ የሚመጣ ካለ አድራሻዬን ይስጡልኝ» አልኳቸው። «በሩ ላይ ተጽፏል።»

መነጽራቸውን አውጥተው ዞሩና ስሜን፣ ኢሜይሌን፣ ከሥሩም መተማ የሚለውን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ እስከ መጨረሻው አነበቡ።