በኢታንግ መንገድ የቆመው ኢንጀክሽን

ሥራ የጀመርኩ ቀን የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ተስፋዬ አንድ ካርቡሬተር እጄ ላይ አስቀመጡና «ፈተህ አጽዳ፣ መልሰህ ግጠም» አሉኝ። ፈታሁ፣ በቤንዚን አጠብኩ፣ ገጠምኩ። አንድ ብሎን ተረፈኝ። ቀስ ብዬ ኪሴ ልከታት ስል አዩኝ። «ኦጁሉ፣ የፋብሪካውን ስህተት አረምክለት ማለት ነው?» ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ያኔ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ሞተር ሳይክል ማለት ካርቡሬተር ነበር። ቤንዚን ሲያልቅ ነጂው ይወርድና ሞተሩን ወደ ግራ አጋድሞ ይወዘውዘዋል። ታንከሩ ጥግ የተኛችው ጭላጭ ወደ ቧንቧው ትፈስና እስከ ማደያ ታደርሰዋለች። «ይህን ዘዴ ለከተማው ያስተማርኩት እኔ ነኝ» ይላሉ ጋሽ ተስፋዬ። ማንም ተከራክሯቸው አያውቅም።

ከዚያ ኢንጀክሽን የሚሉት አዲስ ሞተር መጣ። ካርቡሬተር የለውም። ታንከሩ ውስጥ ያለ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ቤንዚኑን ይገፋል፣ ኢንጀክተሩ ይረጨዋል፣ መጠኑን አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ትወስናለች። ጅማ ሄጄ አጭር ስልጠና ወስጄ ተመለስኩ። ጋሽ ተስፋዬ ግን «ኮምፒውተር ለቢሮ ነው፤ ጭቃ ላይ ምን ይሠራል?» እያሉ ያሾፉብኝ ጀመር። ተናደድኩ። እኔ ደግሞ ስናደድ አፌ አያርፍም፤ የሞተሩን ሁኔታ ለኮምፒውተሯ ስለሚነግራት ስለ ሴንሰር ጠዋት ማታ ሰበክኳቸው።

አንድ የክትባት ቀን ጠዋት ሲስተር ወይንሸት ደወለች። የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። አዲሱ ኢንጀክሽን ሞተሯ በኢታንግ መንገድ ላይ ቆሞባት ነበር። የምትሄድበት መንደር ደግሞ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ፣ ጭቃው ባጃጅ የማያስገባ ነው።

«እናቶቹ ልጆቻቸውን ታቅፈው ማንጎው ሥር እየጠበቁኝ ነው። ፀሐዩን ታውቀዋለህ! የሳጥኑ በረዶ ከቀለጠ ክትባቱ ይበላሻል። ድረሱልኝ!»

ጋሽ ተስፋዬ አልቆባት ይሆናል ብለው ቤንዚን በሃይላንድ ያዙ፣ እኔ መፍቻ ያዝኩ፣ በባጃጅ በረርን።

ስንደርስ ሲስተር ሳጥኑን በነጠላዋ ከፀሐይ ከልላ ቆማለች። ጋሽ ተስፋዬ ቤንዚኑን ጨመሩ፤ ሞተሩ አልተነሳም። ካንዴላ ፈተው አዩ፤ እሳት የለም። ተስፋ ቆርጠው ወደ ግራ ሊያጋድሙት ሲሉ ሲስተር «እሱንማ እኔም አድርጌዋለሁ» አለች።

«መቼ?» አልኳት።

«ቤንዚኑ አልቆ መንተፋተፍ ሲጀምር። ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው አጋደምኩት። ወዲያው ጠፋ።»

«ከዚያ ወዲህ ቁልፉን አጥፍተሽዋል?»

«እንዴት አጠፋዋለሁ? ካጠፋሁት ጭራሽ የማይነሳ መስሎኝ!»

ልቤ በደስታ ዘለለ። እነዚህ ሞተሮች መውደቃቸውን የሚያውቅ ሴንሰር አላቸው። ሞተሩ ሲጋደም ነጂው የወደቀ ይመስለውና ቤንዚኑንም እሳቱንም ይዘጋል። መልሰው ቢያቆሙት እንኳ ቁልፉ ጠፍቶ እንደገና እስኪበራ ድረስ አይከፍትም። እስከዚያች ሰዓት ሲስተር ወድቃለች ብሎ ያመነ ሞተር ነበር የምንለምነው።

ካንዴላውን መለስኩ። ሞተሩን ቀጥ አድርጌ አቆምኩና ቁልፉን አጠፋሁ። ሲስተር ዓይኗን ጨፈነች። መልሼ አበራሁ። ታንከሩ ውስጥ ፓምፑ «ዝዝዝ» አለ። ከዚያ የሚጥም ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ባትሪው ስለደከመ ማስነሻውን በእግሬ መታሁት፤ ሞተሩ ተነሳ! ሲስተር እልል አለች፣ ሳጥኗን ኋላ አሰረች፣ ጭቃውን እየረጨች ሄደች።

ጋሽ ተስፋዬ ባዶውን ሃይላንድ ይዘው ቆመው ቀሩ።

«ኦጁሉ፣ ይህን ማጋደም ለስንት ሰው ነው ያስተማርኩት?»

«ለከተማው በሙሉ። ራስዎ ነዎት ያሉት።»

እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከሰዓት በኋላ ሲስተር ስትደውል ከጀርባዋ የተወጉ ሕፃናት ጩኸት ይሰማ ነበር። «ሁሉንም ከተብኩ፤ በረዶው አልቀለጠም» አለች። ጋሽ ተስፋዬ ስልኩን ከእጄ ነጥቀው የሕፃናቱን ለቅሶ እንደ መዝሙር አዳመጡ። በማግስቱ ገበያ ወጥተው ያገኙትን ነጂ ሁሉ እያስቆሙ «ኢንጀክሽን አይጋደምም!» ይሉ ጀመር። ዛሬ «ይህንንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ» ይላሉ። አሁንም ማንም አልተከራከራቸውም።

ለወጣት መካኒኮች የምለው ይህንኑ ነው። ሞተር ከመፍታታችሁ በፊት ነጂው ምን እንዳደረገ ጠይቁ። ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፣ ቁልፉን አጥፉ፣ መልሳችሁ አብሩ፣ ፓምፑን አዳምጡ። መፍቻ ከዚያ በኋላ ነው።