እኛ ስንደብቃት፣ እሷ ስትደብቀን

ይህ የደረሰብኝ ከመገናኛ እስከ አያት መንገዱ ተቆፍሮ የባቡሩ ሐዲድ በሚነጠፍበት ጊዜ ነው። ዓመታት ቢያልፉም ባቡሩን ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ልጅ የታመመበት ሰው ቢያነበው ብዬ ጻፍኩት።

ልጄ ቤዛ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። አባቷ ሕፃን ሳለች ነው ያረፈው። ጉልበቷ አጠገብ እብጠት ወጣባት። ስትጫወት የተመታች መስሎን በቅባት ስናሸው ከረምን። ቦሌ ወዳለ ሆስፒታል ወስደናት ስትመረመር የአጥንት ካንሰር ሆነ።

ውጤቱን የሰማነው እኔና ታላቅ ወንድሜ ጋሽ አበራ ነን። ወንድሜ ወዲያው፣ ልጅቷ እንዳትሰማ አለ። በእኛ ዘንድ ለበሽተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም፤ ልቡ ይሰበራል ይባላል። ነርሶቹንም እንዳይነግሯት ለመንን። ለቤዛ የአጥንት ኢንፌክሽን ነው አልናት። እሺ አለች። የካንሰሩ መድኃኒት፣ ኬሞ፣ ሲሰጣት ፀጉሯ ረገፈ። መድኃኒቱ ጠንካራ ስለሆነ ነው አልናት። አሁንም እሺ አለች። እኔ ጠዋት ጠዋት ኪዳን አድርሼ ጸበል ይዤላት እሄድ ነበር።

በሽታው ግን ሳንባዋ ገባ። ሐኪሟ፣ ገና ወጣት ነው፣ እኔንና ወንድሜን ቢሮው አስጠራን። በሌላ ጠንከር ያለ ኬሞ መቀጠል ይቻላል፤ አያድናትም፤ ምናልባት ጥቂት ወራት ይጨምርላት ይሆናል አለን። ጋሽ አበራ ዛሬውኑ ይጀመር አለ። እኔም ለመፈረም እጄን ዘረጋሁ።

ሐኪሙ ወረቀቱን አልሰጠኝም።

«ሕጉ የሚጠይቀኝ የእርስዎን ፊርማ ነው» አለኝ። «መርፌው የሚገባው ግን እሷ ክንድ ላይ ነው። ሳትሰማ አልጀምርም።»

ወንድሜ ተቆጣ። ሐኪሙ እኔው እንድነግራት ጠየቀኝ፤ አልቻልኩም። ሦስታችንም አልጋዋ ዘንድ ሄድን።

ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ስለ ሕመሟ ምን ያህል ማወቅ እንደምትፈልግ ጠየቃት። ቤዛ እሱን ሳይሆን እኔን አየች።

«ካንሰር መሆኑን አውቃለሁ» አለች። «እማዬ ማወቄን ከሰማች አትችለውም ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ወንድሜ ማን እንደነገራት ጠየቀ።

«ማንም። ጋሼ፣ ለኢንፌክሽን ከደብረ ብርሃን ድረስ ዘመድ በሚኒባስ ተጭኖ አይመጣም።»

እውነቷን ነው። አፋችንን ዘግተን ዘመዱን ሁሉ ጠርተን ነበር። የመጣው ሁሉ ብርቱካኑን አስቀምጦ፣ ግንባሯን ስሞ፣ ዓይኑን እየጠረገ ይወጣ ነበር።

ሐኪሙ የቀረውን ነገራት። መዳን እንደሌለ ሲነግራት ጣቴን ያዘች። ከዚያ አዲሱ ኬሞ እንዲቀር፣ ቤቷም እንድትገባ ጠየቀች። ኬሞው በደሟ ውስጥ ሳለ አባታችን ሆይን እንኳ መጨረስ ያቅታት እንደነበር ያን ቀን ሰማሁ። በሙሉ ልቧ ንስሐ ገብታ መቁረብ ፈለገች።

«የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ስለ ሞት ምን ታውቃለች?» አለ ጋሽ አበራ።

«ጋሼ፣ እርስዎስ ስንቴ ሞተው ያውቃሉ?»

ወንድሜ ሊስቅ ሲል አለቀሰ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ለእኔ ጥቂት ወራት ብዙ ነበሩ። ልጅ ናት ብዬ መፈረም እችል ነበር። ፊቷን አየሁና፣ «እሷ ያለችው ይሁን» አልኩ። ከአፌ ወጥቶ የሚያውቅ ከባድ ቃል ይህ ነው።

አያት ወዳለው ቤታችን ይዘናት ገባን። ንስሐ ገባች። የቆረበች ዕለት ቤተ ክርስቲያን ድረስ አቅፎ የወሰዳት ጋሽ አበራ ነው። አልጋዋን መስኮቱ ሥር አደረግንላት፤ ከዚያ የሐዲዱ ሥራ ይታያል። ሲያልቅ በእኔም ፈንታ ትሳፈሪልኛለሽ ትለኝ ነበር።

ሕመሙ ቀላል አልነበረም። ማስታገሻው የማይችለው ቀን ነበር። ያኔ ባልሰማት ይሻል ነበር ይሆን እያልኩ እጨነቅ ነበር። እሷ ግን አንድ ቀንም ሐሳቧን አልቀየረችም። ለፋሲካ ሳትደርስ አረፈች።

ሐዘኔ አላለቀም። ነገር ግን ያ ሐኪም እስኪነግራት ድረስ እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ እሷ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ነበር የምናለቅሰው። ከዚያ ወዲያ አብረን አለቀስን። ስለዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ሐኪሙንም ያክብርልኝ።

ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ከአያት ተሳፈርኩ። እስከ መገናኛ አጠገቤ ያለውን ቦታ በነጠላዬ ያዝኩላት።