እንቁላሉን የሰበረው ጋሪው አይደለም

ዛሬ ጠዋት እንጅባራ፣ ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ። ሾፌሩ ስልኩን ዘጋና ወደ ኋላ ዞሮ «ያ እንቁላል ሰባሪው ሽማግሌ አረፉ አሉ» አለኝ።

«ማን?»

«አያ ስንሻው ናቸዋ። የግምጃ ቤት ከተማው ባለጋሪ።»

ከምሄድበት ሳልደርስ ወረድኩ። አላመንኩም። አሁንም አላምንም። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ የፈረሳቸውን የዳማን ኮቴ አንሥተው ሲመረምሩ አይቻቸዋለሁ። ግን ከሞታቸው እኩል ያንገበገበኝ ያ ስም ነው። እንቁላል ሰባሪው።

ስሙን ማን እንዳወጣላቸው አውቃለሁ። ዝም ብዬ እንዳጸናሁትም አውቃለሁ። ስለዚህ ዛሬ ለስላሳ ጽሑፍ የሚጠብቅ ሌላ ገጽ ይፈልግ።

ለማታውቁኝ፣ እንጅባራ በሚገኝ አንድ ትንሽ ማምረቻ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። አሮጌ ጋዜጣና ደብተር ነክረን፣ ፈጭተን፣ እንደ ሊጥ ሲሆን በቅርጽ እየጨመቅን የእንቁላል ትሪ እንሠራ ነበር። የእኔ ሥራ ትሪውን መፈተን ነበር። ሚዛን ነበረኝ፣ ክብደት መጫኛም ነበረኝ። ትሪው የሚፈተንበት መንገድና ጋሪ ግን የአያ ስንሻው ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ትሪው ላይ ድንች ደርድሬ ጋሪያቸው ላይ ስጭን አዩኝ። ሥራ አስኪያጁ እንቁላል አይባክን ብሎ ነው አልኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲው ድንች የምትጥል ዶሮ አሳየሽ እንዴ?»

ከራሳቸው ቤት እንቁላል አመጡ። ከግምጃ ቤት እስከ እንጅባራ በዚያ ኮረኮንች ነድተው ሲደርሱ «እንዴት ነበር?» አልኳቸው።

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? እንቁላሉን ጠይቂው።»

ከዚያ በኋላ መልሳቸው ሁልጊዜ ይኸው ነበር። ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለነበር የተሰነጠቀውን የሚበላ ከመካከላችን አልነበረም። ጎረቤታችን ባለሱቋ እትዬ ዘይነባ «እናንተ ጹሙ፣ ቀሪውን ፈተና እኔ እጨርሰዋለሁ» እያለች በሳህን ትወስደው ነበር። የትሪውን እግር ደጋግመን አወፈርነው። ጾሙ ሊፈታ ሲል ለእትዬ ዘይነባ የሚተርፍ ስንጥቅ ጠፋ። «አልፏል» ብዬ ፈረምኩ።

ያ ወረቀት የበጋ ወረቀት ነው። ይህን ያዙልኝ።

ክረምት ገባ። የእንጅባራ ክረምት የታጠበ ልብስ እንኳ ሳምንት የማይደርቅበት ነው። ትሪው ላዩ ደርቆ እግሩ እርጥብ ሆነ፤ ሲደራረብ የታችኛው ይተኛል። ነሐሴ ላይ እንደገና ፈትኜ «ወድቋል» ብዬ ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ ግን ለእንቁጣጣሽ እንቁላል ለሚገዛ የዳንግላ ነጋዴ ትሪ ሊያቀርብ ቃል ገብቶ ነበር። ወረቀቴን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

«በጾሙ አልፎ የለ? ያው ትሪ ነው።»

የበጋውን ወረቀት ቀኑን ቀይሮ፣ ከነፊርማዬ፣ ለነጋዴው ሰጠው።

እንቁላሉ ግምጃ ቤት ተጫነ። አያ ስንሻው እንጅባራ አድርሰው ሲያራግፉ የታችኛው ረድፍ በሙሉ ተደርምሷል፤ አስኳሉ በጋሪው ጣውላ ላይ ይወርዳል። ነጋዴው ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ከእሱ በላይ ጮኸ። «ሽማግሌው ፈረሱን አስሩጦት ነው! እንቁላል ሰባሪ!»

«ዳማ እንቁላል ጭኖ ሮጦ አያውቅም» አሉ። የትሪውን እግር በሁለት ጣታቸው ያዝ ሲያደርጉት እንደ ራሰ ዳቦ ተቦጨቀ። «እንቁላሉን ጠይቁት።» ከዚያ ወደ እኔ አዩ።

ኮንትራቴ የሚታደሰው መስከረም ላይ ነበር። መሬት መሬት አየሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያው ሁሉ እንቁላል ሰባሪው አላቸው። እንቁላል የሚያስጭናቸው ሰው ጠፋ፤ ቀሪ ዘመናቸውን ማገዶና ገለባ አመላለሱ።

ቂም እንኳ አልያዙብኝም። በጥቅምት የቀርከሃ ሠራተኞች የጣሉትን ፍቅፋቂ በጆንያ ተሸክመው መጡ። «ወረቀት ብቻውን ውሃ ይፈራል። ይኸን በአመድ ቀቅለሽ ደባልቂበት።» ቀቀልኩ፣ ደባለቅኩ፣ መጠኑን እየለዋወጥኩ ፈተንኩ። በተከታዩ ነሐሴ ትሪው ክረምቱን ችሎ ቆመ። ዛሬ በየሱቁ የምታዩት ትሪ ያ ነው።

ስለ አዲሱ ትሪ በሚወጣው ሪፖርት ላይ ስማቸው ይግባ አልኩ። ሥራ አስኪያጁ «የባለጋሪ ስም?» ብሎ ሣቀብኝ። አልተውኩም። በሳምንቱ «ከሰው ጋር አትግባባም» ተብዬ ወጣሁ። ሪፖርቱ በእሱ ስም ወጣ።

አሁን ይኸው ሰው የአያ ስንሻውን ፎቶ ከትሪው ጋር ለጥፎ «ባለውለታችን» ብሏል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቀብራቸው የሕይወት ታሪካቸውን የሚያነበው እሱ ነው አሉ። በየትኛው አፉ? ስም ባወጣላቸው አፉ?

የነሐሴው ወረቀት ቅጂ እጄ ላይ ነበር። ከዚህ በታች ለጥፌዋለሁ፤ ቀኑንና ፊርማዬን አንብቡ። እኔ ወደ ግምጃ ቤት የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ነኝ።

አያ ስንሻው፣ ያን ቀን አንድ ቃል ብቻ ነበር ከእኔ የፈለጉት፤ ነፍጌዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ። ዳማ ሮጦ አያውቅም። ጋሪዎም እንቁላል ሰብሮ አያውቅም። ዛሬ ይህን የምናገረው በጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበትም ነው። አፈሩ ይቅለልዎት፣ የኔ አባት።

ከእንግዲህ ፊርማዬን ማንም ከበጋ ወደ ክረምት አያሻግርም። እርስዎን ያሳጣ ሰውም፣ መቃብርዎ አፋፍ ላይ ቆሞ ታሪክዎን ሲያነብ መሬት መሬት እያየሁ አልሰማውም።