የእናቴ ካባ የወርቅ ክር

እናቴ ለሰርጓ የተሰፋላትን ጥቁር የከፋይ ካባ እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምትጠብቀው። ነፋስ ስልክ ባለው ቤታችን ጥላ ሥር ታናፍሰዋለች፣ በብሩሽ ወደ ታች ብቻ ትጠርገዋለች፣ ብል እንዳይበላው ናፍታሊን ጣል አድርጋ ሳጥን ውስጥ ትመልሰዋለች።

ታላቅ ወንድሜን የቀበሌ ጠባቂዎች ከወሰዱት በኋላ ግን በየቀኑ ትለብሰው ጀመር። እኔን "ክፍለ ሀገር ሄዷል" ነው ያለችኝ። ጠርዙን የዞረው የወርቅ ክር ጥልፍ ከሳምንት ሳምንት ሲሳሳ፣ አርጅቶ የሚረግፍ መሰለኝ። አንድ ቀን ካባውን አውልቃ ልብስ ልታጥብ ወንዝ ስትወርድ፣ ተመሳሳይ ክር ገዝቼ የጎደለውን ሞላሁላት። ምርቃት ነበር የጠበቅኩት።

ስትመለስ ካባውን አገላብጣ አየች። መርፌ አንስታ የሰፋሁትን አንድ በአንድ መፍታት ጀመረች። ወንድሜ እንደተገደለ ያኔ ገባኝ። በዚያ የተረገመ ዘመን ለተገደለ ልጅ ማልቀስም ጥቁር መልበስም ክልክል ነበር፤ የሰርግ ካባ የለበሰችን ሴት ግን ማንም አያስቆማትም። ወርቁን ጥቂት በጥቂት እየነቀለች፣ ማንም ሳያውቅባት ካባውን ከል ልታደርገው ነበር።

"አጥብቀሽ ነው የሰፋሽው፣ ልጄ" አለችኝ፣ ቀና ሳትል።