ሃያት እና አራተኛው ፎቅ

ባለፈው ሳምንት ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ሕንፃ ውስጥ ጉዳይ ነበረኝ። ሊፍቱ ላይ «በጥገና ላይ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ራሱ አርጅቶ ቢጫ ሆኗል። በረኪና በሚሸተው ደረጃ እያለከለኩ ስወጣ ሃያት ትዝ አለችኝ።

ሃያት ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ ላይ ጎረቤታችን ነበረች። እኔ ስድስተኛ ክፍል ስማር እሷ ኮሌጅ ገብታለች። እግሮቿ ከልጅነቷ ጀምሮ ስለማይታዘዙላት በዊልቸር ነበር የምትሄደው። ማታ ማታ የቤት ሥራ ታሠራኛለች፤ ስሳሳት በእርሳስ አናቴን ነካ አድርጋ «ቸኩለሽ የት ልትደርሺ ነው?» ትለኛለች።

የአካውንቲንግ ክፍሏ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሊፍቱ በየሴሚስተሩ «በሚቀጥለው ሴሚስተር ይሠራል» ይባላል። እስከዚያው ወንዶቹ ከነዊልቸሯ ተሸክመው ያወጧታል፤ እነሱ ከቀሩ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። አንድ ቀን በዚሁ ምክንያት ፈተና አመለጣት።

በማግስቱ ትምህርት ስላልነበረኝ አብሬያት ሄድኩ። ልጆቹ ሊያነሷት ሲጠጉ ጮኸች።

«ተዉኝ! የጤፍ ኩንታል ነኝ እንዴ?»

ዲኑ ጩኸቱን ሰምተው ወረዱ።

«ሃያትዬ፣ ትንሽ ታገሺ እንጂ። በጀት ጠይቀናል።»

«ሁለት ዓመት ታገስኩ እኮ! ክፍሉን ወደ ታች ለማውረድ ምን በጀት ያስፈልጋል?»

«ታች ያለው የተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ ነው።»

«ወንበሮቹን አራተኛ ፎቅ ያውጧቸዋ! እነሱ ፈተና አያመልጣቸውም!»

ዲኑ ሰዓታቸውን አዩና «እናየዋለን» ብለው ተመለሱ። እዚህ አገር «እናየዋለን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ሃያት ግን በየማለዳው እየመጣች ደረጃው ሥር ትቀመጥ ጀመር። መምህራኑ በጎኗ እያለፉ ይወጣሉ። ሴሚስተሩ እንዲሁ አለቀ። በሚቀጥለው ሴሚስተር አንድ ጠዋት የክፍሏ ልጆችም አንወጣም ብለው አጠገቧ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። በዚያው ቀን ከሰዓት ወንበሮቹ ወጡ፣ ክፍሉ ተጠረገ፣ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቀለ። ሁለት ዓመት በጀት የጠፋለት ሥራ ይኸው ነበር!

ማታ ስትነግረኝ ፊቷ አልተፈታም።

«ደስ አላለሽም?»

«ይኼ የሚያስደስት ነገር ነው?» አለችኝ።

ከጓደኞቿ አንድ ዓመት ዘግይታ ተመረቀች። ከዚያ ሐዋሳ ሥራ አግኝታ ሄደች፤ ቤተሰቦቿም ተከተሏት።

ከዓመታት በኋላ እኔም እዚያው ኮሌጅ፣ እዚያው የታችኛው ክፍል ተማርኩ። ፊት ለፊት በክራንች የሚሄድ ልጅ ይቀመጥ ነበር። ሃያት የምትባል ሰው እንደነበረች አያውቅም። በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ በራሱ ጊዜ ይወጣል፤ አንዳንዴም እንደ ማናችንም አርፍዶ ሲገባ መምህራኑ ይቆጡታል።