የላንድክሩዘሯ ታኮ

መካነ ሰላም መናኸሪያ ውስጥ ናፍጣ በሸተተኝ ቁጥር የአባባ አሮጌ ላንድክሩዘር ትዝ ትለኛለች።

ልጅ ሳለሁ፣ ከዓረብ አገር የተመለሰው ወንድሜ ዓባይ በረሃ አውርዶ በድንኳን ሊያሳድረን ተነሣ። ዘይት ቀየረ፣ ትርፍ ጎማውን አስነፋ፣ ድንኳኑን ከላይ አሰረ። እኔ ጀሪካኖቹን ውሃ ሞላሁ። አባባ ከኋላ ጎማዋ ሥር የተወተፈውን ታኮ፣ ያን ጥቁር ድንጋይ፣ በከዘራቸው ነካ አደረጉና፣

«ይችን እንዳትረሳ። ፍሬን ይከዳል፤ ድንጋይ አይከዳም» አሉት።

«እሽ አባባ። ኢንሻአላህ ነገ በጧት እንወጣለን።»

በማግስቱ መንገድ ተዘጋ ተባለ። አባባ ጭነቱን ሳያስወርዱ፣ «ታኮዋን መልሱላት፤ ሲከፈት እንሄዳለን» አሉ።

መንገዱ ተከፈተ፤ ሳንነሣ ደግሞ ተዘጋ። ወንድሜ ተመልሶ ባሕር ተሻገረ፤ ድምፁ ከጠፋ ቆየ። አባባ አረፉ። ድንኳኑን አይጥ በላው።

ዛሬ ከመናኸሪያ እንደተመለስኩ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ድንጋዩን ታግዬ ነቀልኩት። ግቢያችን ቁልቁለት ነው። መኪናዋ ግን ጎማዋ ተንፍሶ አፈር ውስጥ ሰምጧልና ንቅንቅ አላለችም።

ትንሽ ቆሜ አየኋት። ከዚያ ድንጋዩን እዚያው መልሼ ወተፍኩት። አባባ መልሱላት ብለዋላ።